ላሟ ለልምድ ልውውጥ የወጣችበት መጽሐፍ

ከሁሉ አስቀድሞ ለጽሕፈት ቤታችን ምስጋና ይድረሰው። ከነገሌ ወደ ታች፣ ቆላው በሚጀምርበት በዚህች አቧራማ ከተማችን ውስጥ ቃል ያልወጣለት ነገር እንዳይኖር ቀን ከሌት የሚተጋ መሥሪያ ቤት ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ውኃ ወጥቶበት በማያውቀው ቦኖ ላይ «ውኃ ሕይወት ነው» ብሎ ያስጻፈ፣ መብራት በሌለው አዳራሽ በር ላይ «መብራት ማጥፋትዎን አይርሱ» ብሎ የለጠፈ መሥሪያ ቤት ነው። ሌላው ቀርቶ የሽንት ቤታችን በር እንኳ ራዕይና ተልዕኮ አለው። እኔ የዚሁ ጽሕፈት ቤት የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። የምነግራችሁም በቦታው ተገኝቼ ያየሁትን ነው፤ እንደ አንዳንዱ ከሻይ ቤት ለቃቅሜ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ለከተማችን አፀደ ሕፃናት አንድ ካርቶን መጽሐፍ የላከ ዕለት ነው። ኃላፊያችን አቶ ፍቅረማርያም በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቸልተኛ አይደሉም። ካርቶኑን ራሳቸው በመቀስ ከፈቱ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ገለጡ። ገለጡ፣ ገለጡ፣ ዘቀዘቁት፣ ከዚያም ፊደሉ ይረግፍ ይመስል አራገፉት።

«ጽሑፉ የታል?» አሉ።

«ሥዕል ብቻ ነው ጌታዬ» አልኳቸው።

«ሥዕሉንማ አየሁት! ጽሑፉ የታል?»

የምዘና ባለሙያችን አቶ ዲባ ሁለተኛውን አነሳ፤ ሦስተኛውን አነሳ። ሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው፣ ሁሉም ሥዕል ብቻ። «መንገድ ላይ ዝናብ መትቶት ለቆ ይሆን?» አለ።

«ዝናብ ፊደሉን ለይቶ ሥዕሉን ይተዋል?»

«እኛ አገር ዝናብ ምኑ ይታወቃል» አለ ዲባ፤ እውነቱን ነው።

አቶ ፍቅረማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ታሪካዊ ንግግራቸውን አደረጉ። «ጓዶች» አሉ፣ «ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ነው። ዛሬ ፊደል የሌለው መጽሐፍ ከተቀበልን ነገ ጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ይሰጡናል።» ጣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ ነበረን፤ ግን የንግግሩን ውበት ማበላሸት ስላልፈለግሁ ዝም አልኩ። መጻሕፍቱ ጽሑፋቸው ተሟልቶ እስኪመጣ ድረስ መጋዘን እንዲቆለፍባቸው ተወሰነ።

ምን ይደረግ፣ ውሳኔው ሳይደርስ አንዷ ቅጂ አምልጣለች። የአፀደ ሕፃናቱ መምህርት ሀረገወይን፣ የወታደር ካምፑ የሃምሳ አለቃ ባለቤት፣ ቀድማ መጥታ ወስዳት ኖሯል። ይባስ ብሎ ሕፃናቱ መጽሐፉን «እያነበቡት» ነው የሚል ወሬ መጣ። እንዴ! ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይነበባል? ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ሦስታችን ለቁጥጥር ገሰገስን።

መጽሐፉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንዲት ሴት፣ አንዲት ግንባረ ቦቃ ላምና የታሰረ ጥጃ አሉ። ቀጥሎ ላሟ በረቱን አልፋ ትሄዳለች። ከዚያ ባዶ በረት፣ ሴትየዋ እጇን ራሷ ላይ ጭና። ከዚያ የኮቴ ዱካ፣ ከዚያ አንድ ሰው ግራር ሥር ላሟን ሲያልባት። መጨረሻ ላይ ላሟ ከጥጃዋ ጋር፣ ከብቱ ሁሉ ኤላው፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ ዙሪያ። በቃ ይኸው ነው። አንድ ቃል የለውም።

«እስቲ አንተ ንገረን» አለች መምህርቷ የካምፑን ልጅ ፍስሐን።

ፍስሐ ተነስቶ ደረቱን ነፋ። «ላሟ ያለ ፈቃድ ከግቢ ወጣች። ይቺ ሴትዮ ተረኛ ጥበቃ ነበረች፤ እንቅልፍ ጣላት። ሻምበሉ ተቆጣ። ከዛ ላሟ ተይዛ መጣችና ታሰረች።»

አቶ ፍቅረማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ሥርዓት አለው። ችግሩ ቀጣዩ ልጅ፣ የነጋዴው ልጅ ሳሊም፣ ያንኑ መጽሐፍ ተቀብሎ «ሰውዬው ላሟን ወደ ሞያሌ ሊነዳት ነበር፣ ከዛ ዋጋ ወደቀና መለሳት» ማለቱ ነው። ከእሱ ቀጥላ ደግሞ የክሊኒኳ ነርስ ልጅ ሀይማኖት ብድግ አለች። «ሴትየዋ እጇን ራሷ ላይ ያደረገችው እየጸለየች ነው። ምእመናን ሁሉ ጸለዩ። ላሟ ሰማችና መጣች። ሃሌሉያ!»

«አሜን» አለ አቶ ዲባ ሳያስበው። ኃላፊው በክርናቸው ጎሰሙት።

«አንድ መጽሐፍ፣ ሦስት ታሪክ!» አሉ በጆሮዬ። «ይሄ የአመለካከት መበታተን ነው። መዝግብ!»

መዘገብኩ።

አራተኛዋ ኡርጂ የምትባል፣ ቁመቷ ከወንበሩ ብዙ የማይበልጥ ልጅ ነበረች። ከአሬሮ በኩል አያቷ ኦቦ ገልገሎ ፊደል ትማር ብለው አምጥተው ከተማ አክስቷ ዘንድ ያስቀመጧት ናት። መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘረጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ናጋ?» አለች። ለሴትየዋ ነው። ጥቂት ጠበቀች። «ኢጆሌን ናጋ?» አለች፣ ልጆቹስ ሰላም ናቸው ወይ። ከዚያ ላሟን፣ ከዚያ ጥጃውን፣ ከዚያ ሣሩን፣ ከዚያ ጥግ ላይ ያለውን ኤላ፣ አንድ በአንድ ሰላም ትል ጀመር።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አሉ አቶ ፍቅረማርያም።

«ሰላምታ እየሰጠች ነው ጌታዬ» አለች ሀረገወይን። «የቦረና ወግ ነው። ሰው ቤት ገብቶ ከብቱንና ውኃውን ሳይጠይቁ ወሬ አይጀመርም።»

«መጽሐፍ እኮ ነው!»

ኡርጂ ሰምታ ቀና አለች። «መጽሐፉ ውስጥ ሰዎች አሉ» አለች፣ ለኃላፊው አዝና። ሰላምታውን ከጨረሰች በኋላ ታሪኩን ተናገረች። «ላሟ ጠፋች። ሴትየዋ አለቀሰች። ይሄ ሰውዬ ግን ሌባ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። እዚህ ጋ አለ፣ አያችሁ? ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዱላ የያዘው። ላሟን ሜዳ ላይ አገኛት። ካልታለበች ጡቷን ያማታል፤ ስለዚህ እያለበ ጠበቃት። ባለቤቷ የኮቴውን ዱካ ተከትላ መጣች፣ ሰጣት።»

ሦስታችንም ተደራርበን አጎነበስን። እውነትም በመጀመሪያው ገጽ፣ በሩቁ፣ ዝንብ የምታክል ሰው ቀይ ጨርቅ ያሰረበት ዱላ ይዞ ቆሟል። ግራሩ ሥር የሚያልበውም ሰው አጠገቡ ያው ዱላ ተደግፏል። እኔ አላየሁትም ነበር። ማየት የሥራ መዘርዝሬ ውስጥ ስለሌለ አይፈረድብኝም።

«አራት!» አሉ አቶ ፍቅረማርያም።

በማግስቱ የታሪክ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ብለን አንዲትን ላም ለሦስት ተሸከምናት። ኮሚቴው ለመጽሐፉ አንድ ወጥ፣ ትክክለኛና አሳታፊ ታሪክ እንዲያዘጋጅ አቅጣጫ ተቀምጦለታል። የመጀመሪያው አጀንዳ ላሟ መጥፋት አለባት ወይስ የለባትም የሚል ነበር።

«ላም ጠፋች ብለን ካስተማርን» አሉ ኃላፊው፣ «በወረዳችን የጸጥታ ክፍተት አለ ማለታችን አይደለም?»

«ታዲያ በረቱ ባዶ ነው እኮ» አለ አቶ ዲባ። «የት ሄደች እንበል?»

ክርክሩ ረዘመ። ሕክምና ሄደች እንዳንል የጤና ሽፋናችንን ይነካል። ውኃ ፍለጋ እንዳንል ውኃ ጽሕፈት ቤቱ ይቀየመናል። ያን ጊዜ ነው እኔ፣ መመካቴ አይደለም፣ እጄን አውጥቼ «ለልምድ ልውውጥ ሄዳ ቢሆንስ?» ያልኩት። አቶ ፍቅረማርያም ተነስተው ጨበጡኝ። እሳቸው ራሳቸው በዚያው ዓመት ወደ ሐይቅ ዳር ከተሞች ለልምድ ልውውጥ ወጥተው ዓሣ እንዴት እንደሚጠበስ በሚገባ ቀስመው ተመልሰዋልና ነገሩ ገብቷቸዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። ሴትየዋ እጇን ራሷ ላይ የጫነችው በደስታ ሆነ። ግራሩ ሥር ያለው ሰው የእንስሳት ሀብት ባለሙያ ሆነ። ታሪኩም እንዲህ ሲል ይጀምር ነበር፦ «አንዲት አርአያነት ያላት ላም ነበረች። ላሟም በራሷ ተነሳሽነት፣ ባለድርሻ አካላትን በማስተባበር፣ ለልምድ ልውውጥ ወደ አጎራባች ቀበሌ አቀናች። በቆይታዋም የወተት ምርታማነቷን በእጅጉ ከፍ የሚያደርግ ግንዛቤ ጨበጠች።» ስጽፈው እንባ እንባ ብሎኛል።

ታሪኩን በኮምፒዩተር አስጽፈን፣ አባዝተን፣ በየገጹ ላይ በሙጫ ለጠፍነው። ለሁሉም ቅጂ ሲታተም የጽሕፈት ቤቱ የዓመት ቀለም አለቀ፤ ለትውልድ ነውና አልቆጨንም። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ስላለ ሥዕሉን መሸፈኑ አልቀረም። በአብዛኛው ገጽ ላይ ከላሟ የሚታየው ቀንዷና ጭራዋ ብቻ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ ጽሑፉ አጠር ስለሚል ከብቶቹ ከነሙሉ አካላቸው ይታዩ ነበር። መምህርት ሀረገወይን ያቺን የመጀመሪያዋን ቅጂ አምጪ ስትባል «ልጆች ቀደዷት» አለች። አመንናት፤ ልጆች መጽሐፍ ይቀዳድዳሉ።

ሰኔ ገባና ወደ አንደኛ ክፍል የሚያልፉ ሕፃናት ምዘና ደረሰ። ምዘናው ፍትሐዊ ነበር፤ ታሪኩን በትክክል የተናገረ ያልፋል፣ ያልተናገረ ይደግማል። ፍስሐ አለፈ። ሳሊም አለፈ። ሀይማኖት «ባለድርሻ አካላት» የሚለውን ከሃሌሉያ አስቀድማ ስለተናገረች አለፈች። ኡርጂ ገባች። አቶ ዲባ መጽሐፉን ዘረጋላት፤ እሷ ግን ጽሑፉ ሥር ያለውን ለማየት አንገቷን አዘመመች።

«ናጋ…» ብላ ጀመረች፣ ለቀንዷና ለጭራዋ።

«ሰላምታው ይቅር» አላት። «ላሟ የት ሄደች?»

«ጠፋች።»

«አስቢ እንጂ ልጄ። ለል…» አለ ሊረዳት።

«ለሊት ጠፋች።»

አቶ ዲባ ላቡን ጠረገ። ልጅቱን ላለመጣል ፈልጎ፣ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ቀላሉን ጥያቄ ጠየቃት። «ይሁን ግድ የለም። እዚህ ስንት ከብት አለ?»

ኡርጂ ዓይኖቿን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አልቆጥርም» አለች። «የሰው ከብት አይቆጠርም። ነውር ነው። ይጎዳቸዋል።»

«ሥዕል እኮ ነው!»

«ባለቤት አላቸው» አለች ከእጇ ሥር። አቶ ዲባ «ቁጥር አታውቅም፤ ትድገም» ብሎ ጻፈ። ዲባ ራሱ ጥጃ እየጠበቀ ያደገ የቦረና ልጅ ነው። ዲፕሎማ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ያልተማሩትን ከማሳወቁ በፊት የሚያውቁትን ያስረሳል።

አያቷ ኦቦ ገልገሎ ይህን ሲሰሙ ከአሬሮ መጡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አቁመው ገቡና ከአቶ ዲባ ጋር ሰላምታ ጀመሩ። «ናጋ?» «ናጋ።» «ዋሪ ናጋ?» «ናጋ።» «ሎን ናጋ?» «ናጋ፣ ኦቦ።» የዲባ ምላስ ከዲፕሎማው በፊት ወደነበረበት ዘመን ተመልሶ እየተንደረደረ ይመልሳል። ቤተሰቡ፣ ጥጃው፣ ዝናቡ፣ ኤላው፣ ግጦሹ ሁሉ ሰላም መሆኑ ተረጋገጠ። ልክ ሲያልቅ ሽማግሌው ድንገት፣ ፊታቸው ሳይፈታ፦

«ለመሆኑ ስንት ከብት አለህ?» አሉት።

አቶ ዲባ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ኧረ ኦቦ! ይሄ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አንቱን የመሰለ ሰው እንዴት ይጠይቃል?»

«ኤዬ» አሉ ሽማግሌው። «እኔም ልጄን እንዴት ጠየቅሃት ልልህ ነበር የመጣሁት።»

ዲባ ፊቱ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ከዚያ ወደ ሥራ ገበታው ተመለሰ። «መመሪያ ነው ኦቦ። እኔ ምን ላድርግ።»

«መመሪያ ከሆነ እሺ።» ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ያ ነው የከበደው። «እኔ ልጅቷን ያመጣሁት ፊደል እንድትማር ነው። አንደኛ ክፍል የሚያስገባት ከሌለ ይዣት እመለሳለሁ። ሌላ ዓመት እዚህ ተቀምጣ እንድታጨበጭብ አልተዋትም፤ እዚያ ጥጃ የሚጠብቅ ሰው የለንም። አንዴ ከወሰድኳት ደግሞ መልሼ አላመጣትም፤ እኔም አርጅቻለሁ።»

መምህርት ሀረገወይን አለቀሰች። «ኦቦ፣ እባክዎ! ይቺ ልጅ የትምህርት ሰው ናት፣ እኔ ነኝ የማውቃት» አለች። ኡርጂ በሩ ሥር ቆማ ሁሉንም ሰማች፤ ያቺን ተቀደደች የተባለችውን መጽሐፍ ከቀሚሷ ሥር አጥብቃ ይዛለች። እኔም አዘንኩ። ማዘን በመመሪያ አልተከለከለም። አቶ ፍቅረማርያም ግን ቆራጥ ሰው ናቸውና ሽማግሌውን ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው «ለአንዲት ልጅ ብለን ላሟን አናጠፋትም» አሉ። ኦቦ ገልገሎ የልጅቱን መሸኛ ለመውሰድ ዓርብ እንዲመለሱ ተነገራቸው።

ዓርብ ዕለት ግን እንግዳ ነበረብን። ከላይ ወይዘሮ ፉዚያ የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡ። ከላይ ማለት ከሰማይ ማለት አይደለም፤ እኛ ዘንድ ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። የመጡት በዓመቱ ውስጥ በአራት ቀበሌዎች የገነባናቸውን አራት የአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎች ለመጎብኘት ነው። መንገዱ ለመኪና አስቸጋሪ መሆኑን ኃላፊው በታላቅ ኀዘን ገለጹላቸውና የአራቱን ክፍሎች ምረቃ የሚያሳዩ አራት ትላልቅ ፎቶዎች በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ። ፎቶዎቹ ከሥራቸው ጽሑፍ አልነበራቸውም። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ ቀለሙን ላሟ ጨርሳዋለች።

አቶ ፍቅረማርያም በነጭ ሸሚዝና በክብር ሱሪያቸው ቆመው መግቢያ ንግግር አደረጉ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል!» አሉ። ተጨበጨበ። ያለፉት ሕፃናት በሰልፍ ቆመው ላሟ ለልምድ ልውውጥ ማቅናቷን በዜማ አቀረቡ። ወይዘሮ ፉዚያ በትዕግሥት ሰሙና «ላሟ?» አሉ።

«ላሟ» አሉ ኃላፊው በኩራት።

ሴትየዋ ወደ ፎቶዎቹ ዞሩ። «ይሄ የትኛው ቀበሌ ነው?»

«ይሄ የወንዝ ማዶው ነው» አሉ ኃላፊው።

ወይዘሮ ፉዚያ አለፍ ብለው፣ ኃላፊው ስልክ ሊያነሱ ወጣ ባሉበት ቅጽበት፣ ተመልሰው ያንኑ ፎቶ ለአቶ ዲባ አሳዩት። «ይሄስ?»

«የገበያው ዳር ነው» አለ ዲባ።

እኔንም ጠየቁኝ። «የተራራው ሥር ይመስለኛል» አልኩ። አንድ ፎቶ፣ ሦስት ታሪክ። እኛ ግን ትልልቅ ሰዎች ስለሆንን ይሄ የአመለካከት መበታተን አይደለም፤ የሐሳብ ብዝኃነት ነው።

ኃላፊው ከስልካቸው ሲመለሱ ከወዲያኛው ግድግዳ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። «ናጋ በር? ናጋ ወንበር? ናጋ ፍየል?» ኡርጂ ናት። አያቷ መሸኛዋን ለመውሰድ ደጃፍ ቆመው ሲጠብቁ፣ እሷ ሾልካ ገብታ ከፎቶዎቹ ሰላምታ ይዛለች። ላስወጣት ስሮጥ ወይዘሮ ፉዚያ በእጃቸው ከለከሉኝ። ለካ እሳቸውም የነገሌ ልጅ ናቸው።

«ናጋ» ብለው መለሱላት ለፍየሏ። ከዚያ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። «እስቲ ንገሪኝ።»

ኡርጂ ሰላምታውን አልቸኮለችበትም። ስትጨርስ ጣቷን የመጀመሪያው ፎቶ ላይ አደረገች።

«እዚህ ጋ በሩን ሰማያዊ ቀቡት። ጋሼ ሪባን ቆረጡ። ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ ሱሪያቸውን ነካው። ይኸው፣ ጉልበታቸው ላይ።» ወደ ሁለተኛው ሄደች። «ከዛ ሪባኑን ቋጠሩት። ቋጠሮው አለ። በሩን አረንጓዴ ቀቡት። ጋሼ ድጋሚ ቆረጡ። አሁን ሱሪያቸው ሰማያዊም አረንጓዴም አለው።» ሦስተኛው። «እዚህ ቡና ዓይነት ቀቡት። ፍየሏ ደከማት፣ ተኛች። ሪባኑ ሁለት ቋጠሮ ሆነ።» አራተኛው ፎቶ ላይ ደርሳ በጣም አዘነች። «እዚህ ጋ ሪባኑ አጠረ። በሩን አልደረሰም። ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ያዙት።»

ከሁለቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። ጥሩ ወጥቼ ነበር ፎቶው ላይ።

የአዳራሹ ዓይን ሁሉ ከፎቶው ወርዶ አቶ ፍቅረማርያም ጉልበት ላይ አረፈ። የክብር ሱሪያቸው አንድ ነው። ሰማያዊውም፣ አረንጓዴውም፣ ቡናማውም አብሮን ተሰብስቧል። ኃላፊው የያዙትን ፋይል ቀስ ብለው ዝቅ አድርገው ጉልበታቸውን ሸፈኑ።

«የልጅ ነገር!» አሉ፣ ለመሳቅ እየሞከሩ። «ክብርት ሆይ፣ ይቺ ልጅ በምዘና የወደቀች ናት። ቁጥር እንኳ አታውቅም! በባለሙያ ተረጋግጧል። ዲባ፣ አልተረጋገጠም?»

አቶ ዲባ ኮርኒሱን ያይ ነበር።

«ቁጥር አታውቂም?» አሏት ወይዘሮ ፉዚያ።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እዚህ ስንት ክፍል አለ?»

ኡርጂ ወደ በሩ ዞራ አያቷን ፈለገች። «አካኮ» አለች፣ «ክፍል ይቆጠራል?»

ኦቦ ገልገሎ በዱላቸው ተደግፈው ረጅም አሰቡ። አቶ ፍቅረማርያም፣ ከፊታቸው እንደማነበው፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የቦረናን ወግ ከልባቸው ደገፉ።

«ክፍል ከብት አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «ቁጠሪ።»

ኡርጂ ጣቷን አነሳች። ከመጀመሪያው ፎቶ ጀምራ እስከ አራተኛው ድረስ ሄደች።

«አንድ» አለች። ጨረሰች።

ወይዘሮ ፉዚያ አልጮኹም፤ የሚጮህ አለቃ ይሻላል። ፎቶዎቹን አስወርደው መኪናቸው ላይ አስጫኑና ምሳ ሳይበሉ ሄዱ። ፍየሏ፣ ያቺው አራቱንም ምረቃ የታደመችው፣ ለክብራቸው ተጠብሳ ነበር። በኀዘን በላናት።

በዚያው ከሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ጽሕፈት ቤታችን ከስህተቱ የሚማር ተቋም ነውና የችግሩ መንስኤ ወዲያው ተለየ፤ መንስኤው ሥዕል ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በማንኛውም ሪፖርት ላይ ፎቶ እንዳይገባ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ቀጣዩ አጀንዳ ልጅቷ ነበረች።

«አያቷ ወደ አሬሮ ይውሰዷት» አለ አንዱ።

«የለም!» አሉ አቶ ፍቅረማርያም። እውነተኛ መሪ በጭንቅ ጊዜ ነው የሚታየው። «ከወሰዷት እንዳባረርናት ይወራል። አንደኛ ክፍል ትግባ። ዛሬውኑ! አንደኛ ክፍል ምን አለ? ፊደል። ፊደል የያዘ ዓይን ሌላ ነገር አያይም። እኛን አታዩም?»

ሁላችንም እርስ በርስ ተያየንና አመንን። አቶ ዲባ ውጤቷን ሰርዞ «ልዩ ተሰጥኦ» ብሎ ሲጽፍ እጁ ቸኩሎ ነበር፤ ደስ ያለው መሰለኝ። ሀረገወይን ልጅቱን አቅፋ ዞረች። ኦቦ ገልገሎ መርቀውን፣ ልጅቱን ለአክስቷ መልሰው፣ ወደ ጥጃዎቻቸው ሄዱ።

ኡርጂ መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ገባች። የምትማረው በዚያችው አራት ጊዜ በተመረቀችው ክፍል ነው፤ በሯ ሲላጥ ቀለሙ ይፈራረቃል። ፊደሉን ዓመቱ ሳይጋመስ ለየችው። ማንበቧን ስንሰማ እፎይ አልን።

ስድስት ወር ሲሞላ አዲሱን ሪፖርታችንን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሰቀልን። ፎቶ የለውም። ጥርት ያለ ጽሑፍ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ ቃል ብቻ። ኡርጂ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቆመች። አቶ ፍቅረማርያም በአዲሱ ሱሪያቸው ወጥተው ቆሙ፣ እኔም ከኋላቸው። ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ አንድ ፊደል ሳትስት አነበበች፦ «በበጀት ዓመቱ አራት መማሪያ ክፍሎች ተገንብተው ለአገልግሎት በቅተዋል።»

«ጎበዝ!» አሉ ኃላፊው፣ እያጨበጨቡ። «አላልኳችሁም? ተማረች!»

ኡርጂ ግን አልሄደችም። የወረቀቱን ጠርዝ በጣቷ ያዝ አድርጋ ገለጥ አደረገችው። ጀርባውን አየች፤ ነጭ ነው። መለሰችውና እንደገና ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ያን ጊዜ ለኃላፊው እንዳዘነችው አዝና ወደ እኛ ዞረች።

«ጋሼ» አለች፣ «ናጋ የምለው ሰው የለበትም።»